የዳገት ጌታ ቁልቁለት ሲማር

ሰኞ፣ ጥር 6

የማታ ትምህርት ያስተማሩን መምህርት ሲያሰናብቱን፣ «ፊደል እንደ ቢላ ነው፤ ካልተሠራበት ይዝጋል። ደብተር ግዙና በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጻፉ» አሉን። ትንሽ ትንሽ ያሉት ለሌሎቹ ነው። በአርባ አራት ዓመቱ ፊደል ቆጥሮ በስምንት ወር የጨረሰ ሰው ከኔ ሌላ ካለ ይምጣ። ሌሎች አሥራ ሰባት ሰዎች አብረውኝ ጨርሰዋል፤ እነሱ ግን አርባ አራት ዓመታቸው አይደለም።

ይህን የሚያነብ ቢገኝ እንዳይደናገር ሥራዬን ልናገር። ባሕሩ ዳር ካለው የካይት ቤት ነው የምሠራው። ካይት ትልቅ የሸራ ክንፍ ነው። እሱ ሰማይ ላይ ይቆማል፤ ረጃጅም ገመዶች ከሰውየው ወገብ ጋር ያያይዙታል፤ ሰውየው ቦርድ ላይ ቆሞ፣ ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ ውኃውን እየሰነጠቀ ይሄዳል። እኔ የካይቱን ጠርዝ በአየር እነፋለሁ፣ የተጠላለፈ ገመድ እፈታለሁ፣ ደንበኞችን አስነሣለሁ። ሚስቴ የተቀደደውን በስፌት መኪና ትሰፋለች። የምንኖረው ከስፌት ክፍሉ በላይ ነው።

ነፋስም ዳገትና ቁልቁለት አለው። ወደ መጣበት መሄድ ዳገት ነው፤ ወደሚሄድበት መሄድ ቁልቁለት። ዳገት የማይችለውን ነፋሱ ገፍቶ ገፍቶ ያወርደውና ካይቱን ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በአሸዋው በእግሩ ይመለሳል። እኛ ይህን «ለቅሶ መድረስ» እንለዋለን። እኔ በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ለቅሶ አልደረስኩም። ወደ ተነሣሁበት ቦታ እመለሳለሁ። የዳገት ጌታ ይሉኛል። ስሙን ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ ግን ይሉኛል።

ዛሬ አለቃችን ሰበሰበችን። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ደንበኞችን ቁልቁል ልትወስድ ነው፤ ከኛ ቤት እስከ ጨው ማምረቻው፣ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር። መሀል ላይ ውኃው ከጉልበት አይበልጥም፣ ታቹም ድንጋይ ነው፤ ጀልባ አይገባም። ስለዚህ ሁለት የኛ ሰዎች አብረው ይወርዳሉ። መጋቢት 7 ሙከራ አለ። «ቁልቁለት የማይወርድ ሰው ከርሞ እዚህ ምን ይሠራልኛል? መሀል አገር ያለው የድንኳን መጋዘናችን ጠባቂ ይፈልጋል» አለች። ማንንም ለይታ አልተናገረችም። ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነበር።

መጋዘኑ በአውቶቡስ የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። ሚስቴ እዚህ፣ እኔ እዚያ። እዚያ ነፋስ የሚባል የለም፤ አቧራ ብቻ።

ዳገት የወጣ ሰው ቁልቁለት ያቅተዋል እንዴ? ዝም ብሎ መውረድ አይደለም?

ረቡዕ፣ ጥር 8

ወጣሁ። ካይቱ ወደቀ። አራቴ። ነፋሱ ጥሩ አልነበረም። የሚስቴ ወንድም በዚያው ነፋስ ሄዶ መጥቷል፤ ያ የሱ ጉዳይ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 10

አማቼ፣ የሚስቴ ታናሽ ወንድም፣ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ካይት የሚያበረው ከቧንቧው ሥራ ሲተርፈው ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ግን ቅባት የተቀባ ይመስል ይንሸራተታል። «ምን ይገርማል፣ ውኃን ቁልቁል ማውረድ እንጀራው ነው» ብዬ ሰዎች አሳቅሁ።

እሱ አልሳቀም። በር ላይ ያወለቅሁትን ጫማ አንሥቶ አገላበጠው።

«ጋሼ፣ የግራው ተረከዝ የት ሄደ?»

«አርጅቷል።»

«የቀኙ ግን አዲስ ነው። አንተ መሬት ላይ ስትቆምም በኋላ እግርህ ነው የምትቆመው። ዳገት ለመውጣት በተረከዝህ ተጭነህ ውኃውን ትነክሳለህ፤ ቁልቁለት ላይም ትነክሳለህ። ቦርዱ እያንዳንዷን ንክሻ ወደ ነፋሱ ዙር ማለትህ ነው ብሎ ይዞርልሃል። ከዚያ ይቆማል፣ አንተ ትወድቃለህ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ እግሬን ልቁረጠው?»

«ክብደትህን ወደ ፊት እግርህ ስጠው። ጉልበትህን እጠፍ። ቦርዱን አስተኛው። ተወው፣ ይሂድ።»

«ተወው፣ ይሂድ» ማለት ለሱ ቀላል ነው። የሱ ቦርድ ብልሹ ነው፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። የኔ ጥሩ ቦርድ ስለሆነ ይታዘዛል።

እሁድ፣ ጥር 12

የማታ ክፍል ጓደኞቼ በወር አንድ እሁድ እንገናኛለን። መምህርት እያንዳንዳችን ስለ ሥራችን አንድ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ እንድንጽፍ አዘዙ። ዳቦ ጋጋሪው «ዳቦ እጋግራለሁ» ብሎ ጻፈ። ድኻ ዓረፍተ ነገር። እኔ ተነሥቼ፣ «መጋቢት 7 ቀን ስድስት ሰዎችን አሥራ አራት ኪሎ ሜትር በባሕር ላይ እየመራሁ አንደኛ እገባለሁ» ብዬ ጻፍኩ። አንድም ስህተት የለበትም። መምህርት አጨበጨቡ።

ከዚያ ዳቦ ጋጋሪው፣ «ታዲያ ሄደን እንቀበለዋ። ዳቦ እኔ እይዛለሁ» አለ። ሁሉም እሺ አሉ። አሥራ ሰባቱም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ከእጅ የወጣውስ? ሰሌዳው እንኳ ወዲያው አልተጠረገም።

ረቡዕ፣ ጥር 15

የፊት እግር። ጉልበት። ቦርዱ ተኛ። ሄደ። በጣም ሄደ። ከዚያ ገመዱ ረገበ፣ ዘንጉን ጎተትኩ፣ ካይቱ እንደ ሰካራም ወደ ኋላ መጥቶ አናቴ ላይ። ጨው ጠጣሁ። ደንበኞች አዩ። «እንዲህ እንዳታደርጉ እያሳየኋችሁ ነው» አልኳቸው።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

ዛሬ ሚስቴ የስፌት መኪናዋን አቁማ፣ «ና እስቲ፣ ምንህ ላይ እንደሚወድቅ አሳየኝ» አለች። ካይት ይዛ አታውቅም፣ መስፋት እንጂ። የስፌት ክፍሉን ገመድ ወገቤ ላይ አሰረችና ጫፉን ይዛ ከኮሪደሩ ወዲያ ሄደች።

«እኔ ካይቱ ነኝ። እስብሃለሁ፤ አንተ ና።»

ሮጥኩ። ገመዱ ወለሉን ነካ።

«ወደቅሁ» አለች፣ ቆማ።

«ምን ወደቅሽ?»

«ገመዱ ሲረግብ ካይት ምን ይሆናል?»

«ይወድቃል።»

«እንግዲህ ወደቅሁ።»

ሁለተኛ ሞከርን። ሲረግብብኝ ጎተትኩት። እየተንደረደረች በጀርባዋ መጥታ ደረቴ ላይ ተለጠፈች። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ትምህርት ላይ ነበረች። «አየህ? ስትጎትተኝ ወደ ፊት አልበርም፤ አናትህ ላይ ነው የምመጣው። ሲረግብ እጅህን ፍታ፤ አንተ ራስህ ወደ ጎን ዞር በል።»

በሦስተኛው እሷ ከግድግዳ ግድግዳ እየተወዛወዘች ሄደች፤ እኔም በቀጥታ ሳይሆን ሰያፍ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ተከተልኳት። ገመዱ እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ አልረገበም። ነገሩ ገባኝ። ካይቱን አንድ ቦታ ካቆምከው ትደርስበታለህ፤ ስትደርስበት ይወድቃል። ሰማይ ላይ ስምንት ቁጥርን አስተኝቶ እንደሚጽፍ እጅ፣ ላይ ታች እያልክ ማንቀሳቀስ አለብህ።

«ወደሚስብህ ነገር በቀጥታ አትሩጥ» አለች ገመዱን እየጠቀለለች።

«አንቺን ስፈልግ በቀጥታ ነው የመጣሁት።»

«ለዚያ ነው ሦስት ዓመት የፈጀብህ።»

ሐሙስ፣ ጥር 23

ወረድኩ። ካይቱ ሰማይ ላይ ስምንት ሲጽፍ፣ እኔ ታች ሰያፍ ስሄድ፣ ሲረግብ እጄን ስፈታ፣ ዞር ስል፣ እንደገና ሲወጠር። ሦስት ኪሎ ሜትር አንዴ ሳልወድቅ። ይህን ያየ ሰው ቁልቁለትን እኔ የፈጠርኩት ይመስለዋል።

ከቤታችን በታች፣ ዳርቻው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ «ወንበሩ» የምንለው ጥቁር ድንጋይ አለ። ከሱ ካለፉ በኋላ የኛ ቤት አይታይም። እዚያ ስደርስ ሆዴን አመመኝና ዳገቱን ይዤ ተመለስኩ። የበላሁት ዓሣ ይሆናል።

ሰኞ፣ ጥር 27

ጥሩ ነፋስ። ጥሩ ቁልቁለት። ወንበሩ ጋ ስደርስ የመታጠቂያዬ ቀለበት የሚሰነጠቅ ድምፅ አሰማ። ተመለስኩ። ሲታይ ምንም አልሆነም፤ ግን ጠንቃቃ ሰው ነኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 1

ወንበሩ ጋ ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገባች። ተመለስኩ።

አማቼ፣ «ጋሼ፣ ፀሐይዋ እኮ ከኋላህ ነበረች» አለ። ቧንቧ ሠራተኛ ስለ ፀሐይ ምን ያውቃል።

ሰኞ፣ የካቲት 4

ዛሬም ሆዱን ያመዋል። ጠዋት ሦስት ዳቦ በልቶ ነው የወጣው።

ከዚህ በላይ ያለው አንድ መስመር የኔ ጽሑፍ አይደለም። ማን እንደጻፈው አውቃለሁ፤ በዚህ ቤት ውስጥ እንዲህ የተስተካከለ ፊደል የሚጥል ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነው። ደብተሩን ከዛሬ ጀምሮ የማኖረው ካይት ከረጢት ውስጥ ነው። የበላሁትም ሁለት ዳቦ ነው። ሦስተኛው ግማሽ ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ገመድ ስፈታ አለቃችን ከአማቼ ጋር ግድግዳው ወዲያ ስታወራ ሰማሁ። «አሁን መንዳቱስ ጥሩ ሆኗል፤ ግን ቤቱን ሳያይ አንድ እርምጃ አይሄድም» አለች። ስለ ማን እንደሆነ አልሰማሁም። ስለ ጀልባ ይሆናል።

አማቼ፣ «ጊዜ ስጪው፣ ይመጣል» አላት። «ነፋሱ የሚቆየው ስድስት ሳምንት ነው» አለችው።

ገመዱን ስፈታው ውዬ፣ ለካ ይባስ ቋጥሬዋለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 13

ይህ ደብተር የኔ ነው፤ ስለዚህ ልጻፈው። በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ ጊዜ ወንበሩን አልፌያለሁ። ነፋሱ ነው ያሳለፈኝ። ዳገት አልችልም ነበር። ካይቱ ወደቀ፣ ገመዱ እግሬ ላይ ተጠመጠመ፣ ውኃው ወደ ጥልቁ ወሰደኝ። ከምሳ ሰዓት እስከ ማታ ውኃው ላይ ቆየሁ። ዓሣ አጥማጆች አግኝተው ይዘውኝ መጡ። በጣም እንግዳ ተቀባይ ሰዎች ናቸው፣ ከእነሱ ጋር የተዋወቅሁት በዚያ ነው። ስለዚህ ለቅሶ ደርሼ አላውቅም ያልኩት ውሸት አይደለም፤ በእግሬ አልተመለስኩም፣ በጀልባ ነው።

በሳምንቱ ዳገት መማር ጀመርኩ። ማንም እንደኔ ቶሎ አልተማረም።

ሰው ቢጠይቀኝ የምነግረው ስለ ዓሣ አጥማጆቹ ብቻ ነው። ሚስቴ ግን ያን ቀን ዳርቻው ላይ ቆማ ስትጠብቅ ነበር። መጋዘኑ ተነሥቶ ስናወራ፣ «ሂድ ቢሉህ እኔም መኪናዬን ይዤ እከተልሃለሁ፤ ድንኳን ሲቀደድ እሰፋለሁ» አለችኝ። ባትለኝ ይሻል ነበር። ዘጠኝ ዓመት ከባሕር ፊት ለፊት የተቀመጠች ሴት በኔ ሆድ ሕመም አቧራ ልትበላ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 20

ምደባው ወጣ። ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ በራሴ አነበብኩት፣ ማንም አላነበበልኝም። ይህ ጥሩው ክፍል ነው።

ፊት፦ አማቼ። መጨረሻ፦ እኔ።

መጨረሻ። እንደ ጅራት። አለቃችን ጋ ገባሁ። «ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ ሰው ኋላ፣ ቅዳሜን ጠብቆ የሚመጣ ቧንቧ ሠራተኛ ፊት?» አልኳት።

«ፊት የሚሄደው መንገድ ያሳያል፤ መንገዱ ደግሞ ነፋሱ ራሱ ነው። ኋላ የሚሄደው የወደቀ ያነሣል። አንተ ባትሆን ማንን ልላክ?»

«ስለዚህ ክብር ነው ማለትሽ ነው?»

«ሥራ ነው ማለቴ ነው» አለች። «ወንበሩን አልፈህ ከገባህ ከርሞም ያንተ ነው። ከተመለስክ ግን መጋዘኑ።»

ወንበሩን ለምን እንደጠቀሰች አልገባኝም።

አሥራ ሰባት ሰዎች አንደኛ ስገባ ሊያዩ ዳቦ ይዘው ይመጣሉ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 23

ሁለት ቀን አማቼን አላናገርኩትም። ዛሬ ራሱ መጣ። «ጋሼ፣ ፈጥኖ መውረድ ማንም ይወርዳል። ከሁሉ ቀርፋፋው ደንበኛ ኋላ፣ ከሱ ይበልጥ ቀርፍፈህ፣ ካይትህን ሳትጥል ውረድ እስቲ። እኔ ሞክሬ አቅቶኛል።»

«አንተን?»

«ሁለቴ ጥዬዋለሁ። አለቃ ታውቃለች።»

ይህን ሰምቼ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። አብረን ወጣን፤ እሱ እንደ ጀማሪ እየተንቀራፈፈ ፊቴ ሄደ። ለካ ሌላ ዓለም ነው። ካይቱን ከፍ አድርጎ መያዝ፤ ስምንቷን ትንሽ ትንሽ አድርጎ መጻፍ፤ ልትደርስበት ስትል በኋላ ተረከዝ ነክሶ ወደ ጎን ሾልኮ ጊዜ ማባከን፤ ከዚያ እንደገና የፊት እግር። ያ የተሰደበ ተረከዜ ሥራ አገኘ። መንከሱ አይደለም ጥፋቱ፤ ሁልጊዜ መንከሱ ነው።

ወንበሩ ጋ ተመለስን። አማቼ ነው እንመለስ ያለው። አመሰግነዋለሁ ማለት ይከብደኛል፤ ስለዚህ ቧንቧ ቢፈነዳብኝ እሱን ነው የምጠራው ብያለሁ።

ሚስቴ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለች። «እንቁላሉ ካይት አልያዘም» አልኳት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 30

መምህርትን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ልነግራቸው ነበር። «አንደኛ አልገባም» ማለት ሁለት ቃል ብቻ ነው። እሳቸው ግን፣ «ያን ዓረፍተ ነገርህን ለአዲሶቹ ተማሪዎች አነበብኩላቸው» አሉኝ። «እንዴት ነው፣ ወደዱት?» አልኩ። ሌላ ምን ልበል።

ዓርብ፣ መጋቢት 6

ነገ። ካይቱን ሦስት ጊዜ ፈተሽኩ። ሚስቴ ያልተቀደደ ቦታ ላይ ደርባ ሰፍታለች። ሆዴ ደህና ነው። ገና ከአሁኑ ግን ሊያመኝ ያሰበ ይመስላል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 7

ፊደሉ ቢጣመም ከድካም ነው።

አምስት ደንበኞች ነበሩ፤ አማቼ ፊት፣ እኔ ኋላ። ከሁሉ ቀርፋፋው የጥርስ ሐኪሙ ነው፤ ካይት ሲያበር እንኳ የታካሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ጥርሱን ይነክሳል። ከሱ ኋላ ሃምሳ እርምጃ ርቄ ወረድኩ። ስምንት። ተረከዝ። የፊት እግር። ዓይኔ የሱ ቢጫ ሸሚዝ ላይ። ሸሚዙ ወደ ግራ ሲያዘነብል «ጉልበትህን እጠፍ» እላለሁ፣ እንደማይሰማኝ እያወቅሁ።

ሰውየው በድንገት በቀጥታ ወደ ካይቱ ሮጠ። ገመዱ ረገበ፤ ዘንጉን ጎተተ፤ ካይቱ ወደ ኋላ መጥቶ ወደቀ። የኮሪደራችንን ስህተት ሠራ። እኔ በፍጥነቴ አልፌው ነበር። ዞርኩ። ዳገት። ሁለት ጊዜ ግራ ቀኝ ብዬ አጠገቡ ደረስኩ። ውኃው ጉልበት ነው፣ ታቹ ስለታም ድንጋይ። ገመዱ እግሩ ላይ ተጠምጥሞ እየጎተተው ነበር፤ ሊሮጥ ይሞክራል።

«ቁም። አትራመድ» አልኩት። «ቁጭ በል፣ ውኃው ይያዝህ።»

«ወደ ቤቱ እንመለስ።»

«የቱ ቤት?»

«ካይት ቤቱ፣ የት ነው?»

ዞሬ አየሁ። ቤቱ የለም። ወንበሩም ከኋላችን ነው። መቼ እንዳለፍነው አላየሁም። ጆሮዬ ውስጥ እንደ ስፌት መኪና የሚመታ ነገር ሰማሁ፤ ነፋሱ ነበር። ምናልባት።

«ዶክተር፣ ቤቱ ከዚህ አይታይም» አልኩት። «ጨው ማምረቻው ግን ቅርብ ነው።» ቅርብ አልነበረም። ገመዱን ከእግሩ ፈታሁለት፤ ዘጠኝ ዓመት የፈታሁት ገመድ ሁሉ ለዚያች ደቂቃ ልምምድ ሳይሆን አይቀርም።

«እዚህ ብዙ ጊዜ መጥተሃል?» አለኝ።

«ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጀምሮ አውቀዋለሁ።» እውነት ነው።

ካይቱን አስነሣሁለት። «አሁን ካይቱን አትይ፣ እኔንም አትይ፣ ኋላህንም አትይ» አልኩት። «ወደምትሄድበት እይ። ሲረግብብህ እጅህን ፍታ።» ይህን ስናገር ድምፄ የሚስቴን መሰለኝ።

ከዚያ ወረድን። እሱ ቀርፈፍ፣ እኔ ከሱ ቀርፈፍ። ሁለቴ ወደቀ፤ ሁለቴ ዳገት ወጥቼ አነሣሁት። ኋላዬን አላየሁም፤ ጊዜ አልነበረኝም።

ጨው ማምረቻው ጋ ስንደርስ ሌሎቹ ከገቡ ሃምሳ ደቂቃ ሆኗቸው ነበር። አሥራ ሰባቱ ቆመዋል፤ ዳቦው አልቋል። ዳቦ ጋጋሪው፣ «አንደኛ እገባለሁ ብለህ አልነበር?» አለኝ።

«አንደኛ ነኝ። ከኋላ ቁጠር።»

ሳቁ። መምህርት ግን ሳይስቁ፣ «ይህ ሰው» ብለው አማቼን አሳዩኝ፣ «ልናጨበጭብለት ስንል፣ ገና ነው፤ እሱ ሳይገባ ማንም ገባ አይባልም ብሎ ከለከለን» አሉኝ። ያን ጊዜ አጨበጨቡ። የጥርስ ሐኪሙም አጨበጨበ፣ ጥርሱን እንደነከሰ።

ሚስቴ በአውቶቡስ መጥታ ነበር። እጄን ይዛ መንቀጥቀጡን አየችና ሹራቧን አለበሰችኝ። «በርዶኝ ነው» አልኳት። «አዎ፣ በርዶሃል» አለችኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር።

ሰኞ፣ መጋቢት 9

አለቃችን አዲስ መዝገብ ሰጠችኝ። የየጉዞውን መዝገብ የሚጽፈው የመጨረሻው ሰው ነው፤ ሁሉንም የሚያየው እሱ ስለሆነ። የቅዳሜውን ጻፍኩ። ሦስት ገጽ ሆነ። አነበበችና፣ «ይህ መዝገብ ነው፣ ሠርግ አይደለም። በአንድ መስመር» አለች።

እንዲህ ጻፍኩላት፦ «መጋቢት 7። ሰባት ወጣን። ሰባት ገባን። የመጨረሻው እኔ ነኝ።»

«እንዲህ ነው» አለች።

«መጋዘኑስ?»

«ለመጋዘኑ ሌላ ሰው ይፈለግለታል።» ሚስቴ ወዲያ ሆና የስፌት መኪናዋን ስታስነሣ ሰማሁ፤ ቆማ ስታዳምጥ ነበር ማለት ነው።

አንድ ዓረፍተ ነገር ልጨምር ብዬ ለመንኩ፤ መዝገብ ላይ አይጨመርም ብላ ከለከለችኝ። እዚህ ግን የሚከለክለኝ የለም፦

ወንበሩን ሳልፍ ትንሽ ፈርቼ ነበር።

«ትንሽ» የምትለዋን ቃል ነገ እሰርዛታለሁ።